ጠዋት ገብቼ ማታ የወጣሁበት ቀዶ ጥገና

ሰኞ
አልፈራሁም። እሺ፣ ትንሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ የግራ እግሬ እየነደደ ስፌት መኪናዬ ላይ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አቅቶኛል፤ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል? ነገ ወገቤ ውስጥ ብሎን ይገባል።
“ሮቦት ነው የሚሠራኝ?” ብዬ ዶክተሩን ስጠይቃቸው ሳቁ። ቢላው በእሳቸው እጅ ነው፤ ሮቦት ያልኩት ካሜራ መንገዱን ብቻ ነው የሚያሳያቸው። የሚከፈተው ቦታ ትንሽ ስለሆነ የዚያኑ ዕለት ማታ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴ ሰይድ ይህን ሦስቴ አስደገማቸው።
የሚያዝ፦ የኤምአርአይ ፊልም፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ።

ማክሰኞ
ቤት ነኝ! ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ የፈለግሁት እግሬን ነው። ቃጠሎው የለም። የለም! ከነርሷ ጋር ኮሪደሩን ሁለቴ ተመላለስኩ። የእግሬ አውራ ጣት ብቻ ደንዝዟል፤ ቀስ ብሎ ይነቃል ብለውኛል።
ደረጃ መውጣት ትችላለች ተብሎ ሳለ ሰይድ እምቢ አለ። ከጎረቤቶች ጋር በወንበር ተሸክመው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ እያየ፣ ሦስተኛ ፎቅ አወጡኝ።

ረቡዕ
ገና በጠዋቱ ቤቱ በጎረቤት ሞላ። የሚስቅ የለም። አክስቴ ዘሀራ ከጌጃ ሰፈር መጥተው አጠገቤ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ያለቅሳሉ። በር ላይ ለሴቶቹ ሲነግሩ ሰማኋቸው፦ “ሐኪም በቀኑ ወደ ቤት የሚመልሰው ተስፋ ቆርጦ እጁን ሲያነሳ ነው።”
በእኛ አገር ለታማሚው መች እውነት ይነገራል? ለቤተሰብ ሹክ ይባላል እንጂ። ሰይድ ደግሞ ትናንት ሆስፒታል ከዶክተሩ ጋር ለብቻው ቆሞ ሲያወራ ነበር። ጣቴም አልነቃም።
“ምን ደበቃችሁኝ?” አልኩት።
“ወላሂ ምንም!”
ሲምል ጭራሽ ጠረጠርኩት።

ሐሙስ
አላስቻለኝም፣ ራሴ ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ አክስቴ እየሰሙ።
“ዶክተር፣ ለባለቤቴ ነግረው ከእኔ የደበቁት ነገር አለ?”
“ምንም የለም! ቤትዎ የላክሁዎት እኮ ደህና ስለሆኑ ነው። ለመሆኑ እየተራመዱ ነው?”
አልጋ ላይ ነኝ ለማለት አፈርኩ። አክስቴ ስልኩን ነጠቁኝ። “ልጄ፣ እስቲ ማልልኝ!” ማሉላቸው፤ እንደ ልጅ። እኔም አለቀስኩ፣ ከደስታ።

ዓርብ
ጣቴ እንደደነዘዘ ነው። ቢሆንም ወረድኩ። የደረጃውን ብረት ይዤ፣ ሰይድ ከፊቴ፣ አክስቴ ከኋላዬ። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያ እልልታ!
ስንመለስ አክስቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።