በመምህር ቦጂያ ጣሪያ ላይ

ኅዳር 19 ቀን 2008፣ እሑድ

ለማንም የማልናገረው ነገር... ዛሬ ያላነበብኩትን ረቂቅ ደንብ ቆሜ ለእድሩ አብራራሁ።

ጥፋቱ የእነሱም ነው። መጽሔት ላይ ስለምጽፍ በዓለም ላይ ያለ ወረቀት ሁሉ በእጄ ያለፈ ይመስላቸዋል። የእድሩ ጸሐፊ ያደረጉኝም በዚሁ ሰበብ ነው። ሊቀመንበራችን ጋሽ ተረፈ ከክልል የወረደውን አሥራ አራት ገጽ የሰጡኝ ከሳምንት በፊት ነበር። እኔ ደግሞ ለአምዴ የአንዲት ተዋናይት ፍቺ ሳሳድድ ሰነበትኩ። የመጀመሪያውን ገጽና ስለ ሶላር የሚያወራውን ብቻ አየሁ። ተነሳሁና በዚያችው ብቻ አብራራሁ... በፈቃዱ እሳትና ድንገተኛ አደጋ የሚከላከል ነዋሪ ማበረታቻ ይሰጠዋል፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት በነፃ ይገጠምለታል፤ የዓመት የቦታ ግብርም ይቀነስለታል። ተጨበጨበልኝ።

የቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴው ሱሩር ብቻ እጁን አወጣ። ስማችን ከተጻፈ በኋላ ወረቀቱ ወዴት ነው የሚሄደው አለ። ፋይል ውስጥ አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

የበጎ ፈቃደኞች ስም ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነበር። ቤት ለቤት ሄጄ ልጠይቅ አስቤ... አላደረግኩትም። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የደረስኩት ሊዘጋ ሲል ነው። ጥሩሰው የሚባለው ሠራተኛ ቁልፍ በእጁ ይዞ ጠበቀኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የእድሩ ስም መጥሪያ ደብተር ብቻ። ባለፈው ለቅሶ ቀድመው መጥተው ድንኳን የጣሉት ስድስት ሰዎች ከላይ ተጽፈዋል፤ እነሱን እንዳሉ ገለበጥኩ። አንደኛ መምህር ቦጂያ። ሁለተኛ ሱሩር።

ምን ችግር አለው? አምና የእንጨት መሰንጠቂያው ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪናው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ በጀሪካን ያጠፉት እነዚሁ አይደሉም? ጥሩሰውም ገና ረቂቅ ነው፣ ፊርማና ፎቶ በኋላ ራሳቸው ያመጣሉ፣ ያላመጣ አያገኝም ብሎኛል።

የእኔ ስም የለበትም። ስም የሚጠራ ሰው ራሱን አይጠራም።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

ከዓለም ገና ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። ሚኒባስ የለም፣ ባጃጅ የለም። ተማሪዎቹ ለተቃውሞ ወጥተዋል። ቡራዩም ሱሉልታም እንደዚሁ ነው ይባላል። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን እስከ ጓሯችን ይመጣል፣ ገበሬው ይነሳል፣ ከዚያ እኛ እንከተላለን... ሁሉም የሰማው ከሌላ ሰው ነው። ተኩስ ተሰምቷል። ይኼንን ግን እኔም ሰምቻለሁ።

አምዴን በስልክ አስጻፍኩ። ስለ ተዋናይቷ። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

የማይታመን ነገር። ከተማው እንዲህ ሆኖ ሳለ የጭነት መኪና መጥቶ ሶላር ገጠመ! ስድስት ጣሪያ ላይ ብቻ። የመጀመሪያው የመምህር ቦጂያ። እሱ ሱሉልታ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ የለም። ወረቀቱ ላይ ስሙን ሲያሳዩዋት ሚስቱ በር ከፈተች።

ጎረቤቴ ድንቅቱ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

"በዚህ ሰዓት መንግሥት ለማን ነው ስጦታ የሚሰጠው፣ ትጊዬ?"

እኔም ይኸው ነው የገረመኝ። ፊርማና ፎቶ ያላመጣ አያገኝም ተብሎ የለ? ስለዚህ ሄዶ ፈርሟል። በዚህ ሰሞን፣ ተማሪዎቹ ሲደበደቡ፣ እሱ ፎቶ ተነስቶ... ከጥሩሰው ጋር በር ላይ ሲያወሩ እንዳየኋቸው ለድንቅቱ ነገርኳት። አይቻለሁም። ሰላም ሲባባሉ።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

አሥራ አንድ ተማሪ ከየቤቱ ተወሰደ። ቤታቸውን ማን አሳየ? ሰፈሩ ሁሉ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። መልሱንም ሁሉም ጣሪያ እያየ ይሰጣል።

ሱሩርን እንኳ ከሱቁ ወስዶ ሰቅሎት ይሆናል ይሉታል፣ ነጋዴ ነዋ። ሌሎቹ አራቱ ወሬው እንደተነሳ ሶላሩን አስነቅለው መለሱ። ቦጂያ ግን አላወረደም። ያልሰረቅኩትን ለምን እደብቃለሁ አለ አሉ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ይላል? ወይስ እንዲህ የሚለው...

ታኅሣሥ 25፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቦጂያ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ አንድ ላይ ግንባራቸውን ዴስክ ላይ ደፉ። አርባ አምስት ደቂቃ። ባርሲሳ፣ መምህር፣ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ስሙ "ሶላሩ" ሆኗል። ከሰዓት አንዱ ጣሪያው ላይ ድንጋይ ወርውሮ የሶላሩን መስታወት ሰነጠቀው።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቦጂያ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ዞሮ "አካም ጂርታ፣ ትጊ" ብሎ እንደ ወትሮው ደህንነቴን ጠየቀኝ። ስልክ የምመልስ መሰልኩ። ስልኩ አልጠራም።

ታኅሣሥ 28

ገና። ሌላ ጊዜ ቦጂያ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ዘንድሮ ማንም አልሄደም። እኔም።

ጥር 3፣ ማክሰኞ

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። መንገድ ላይ ፉጨት ነው። ቀርቷል ሲሉስ እውነት ቀርቷል? ድንቅቱ ስሙን ቀይረው ያመጡታል ትላለች።

ከሰዓት ሱሩር መጣ። ቤቴ መጥቶ አያውቅም። አልቀመጥም አለ።

"አንቺ ሶላር የለሽም።"

"አልፈረምኩማ።"

"እኔስ መቼ ፈረምኩ?"

ስድስቱን በጣቱ ቆጠረልኝ። የሚያገናኘን አንድ ነገር ብቻ ነው አለ፣ የዚያን ለቅሶ ድንኳን የጣልነው ስድስታችን ነን። ማን ቀድሞ እንደመጣ ተራው የተጻፈው ደግሞ አንድ ደብተር ላይ ነው።

የዚያን ዓርብ ነገር ነገርኩት። አልጮኸም። ቦጂያ መዛወሪያ ቅጽ ሞልቷል አለ፤ ሰኞ ሊያስገባው ነው፣ ሚስቱ ዕቃ ማሸግ ጀምራለች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ካስተማረበት ከተማ በጆሮ ጠቢነት ስም ሊወጣ ነው። እሑድ እድር አለ ብሎ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ረቂቁን አውጥቼ ያነበብኩት። ገጽ ዘጠኝ፦ የተመዝጋቢዎች ስም ዝርዝር ለጸጥታ ዘርፍ ይተላለፋል። ሰው የጠረጠረው በከንቱ አልነበረም። የጠረጠረው ግን የተሳሳተ ሰው ነው።

ተማሪዎቹን ማን ጠቆመ? አሁንም አላውቅም። ቦጂያ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? ሶላሩ ማስረጃ እንዳልሆነ ብቻ ነው የማውቀው። ሌላ ማስረጃ ደግሞ ማንም የለውም... ከእኔ ወሬ በስተቀር።

ጥር 6፣ ዓርብ

ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ።

ጥር 8፣ እሑድ

ተናገርኩ።

ስም ከመጥራቴ በፊት ነው የተነሳሁት፣ ከጠራሁ በኋላ እንደማልችለው አውቄ። ስድስቱን ያስመዘገብኳቸው እኔ ነኝ፣ አንዳቸውንም አልጠየቅኩም አልኩ። ቦጂያ ከጥሩሰው ጋር ሲመካከር ታየ የሚባለውም ከእኔ የወጣ ነው፤ ያየሁት ሰላም ሲባባሉ ነው፣ ከዚያ ያለፈ አላየሁም።

ድንቅቱ መሬት መሬት አየች። ጋሽ ተረፈ እጃቸውን ዘረጉ፣ "ደብተሩን ወዲህ በይ ልጄ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። ለሱሩር አሳለፉት። ይቅር ልበልሽም ልቅጣሽም አላሉም፤ ያ ከሁሉ በለጠብኝ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልለየሁትም፣ ከቦጂያ ጋር ተነጋግረው ይሆናላ አለ። ሌሎችም አጉረመረሙ። ያኔ ገባኝ። ወሬ ስጀምረው አንድ አጥር ነው የበቃኝ፤ እውነቱን ስናገር ሙሉ እድር አልበቃኝም።

ቦጂያ ከመቀመጫው ሳይነሳ ነው የተናገረው፣ እኔን ሳያይ።

"እናንተ ብታምኑኝም ባታምኑኝም አንድ ቀን ትቀብሩኛላችሁ። ተማሪዎቼ ናቸው የማይሰሙኝ። ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ መጥታ እነሱ ፊት ትናገር።"

በኦሮምኛዬ ይስቁብኛል አልኩ። እውነት ነው፣ ከገበያ ያለፈ ኦሮምኛ የለኝም።

"ይሳቁ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሳቁ።"

ቅጹ ኮት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ይታያል። ከሰልፉ በኋላ ወይ ያስገባዋል ወይ ይቀደዋል። ሲወጣ ሰላም አላለኝም። እኔም አልጠበቅኩም።

ከሰዓት ሚስቱ ጋ ሄድኩ። ዛሬ ከበሩ አልተመለስኩም። የምናገራቸውን አራት ዓረፍተ ነገሮች በላቲን ፊደል ጽፌ አሳየኋት። በታሸጉ ካርቶኖች መሃል ቆማ አነበበች። ሦስቱን አረመችልኝ። አራተኛውን፣ ይቅርታ የሚለውን፣ እንዳለ ተወችው፤ ትክክል ስለሆነ ይሁን ማረም ስላልፈለገች... አልጠየቅኳትም።

ሰልፉ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቢሰሙኝም፣ ጀርባቸውን ቢሰጡኝም፣ እሱም ቅጹን ምን እንዳደረገው፣ ነገ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የሆነውን እጽፋለሁ። የሆነውን ብቻ፣ ሳልጨምር።