በሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ፊት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለሁልዳ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በደኅና ያግኝሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበርና ሳስብሽ ነው የከረምኩት። ባለቤትሽ አርተር ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ትንፋሹ ተሻለው? ልጅሽ ጆአንና ትንሿ ፊዮና ደኅና ናቸው? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደኅና ነኝ። የወይኑን ቅርንጫፍ ገርዘን ጨርሰናል፤ ብርዱ ግን ገና አልለቀቀንም። ባለቤቴ ኦስካር ካረፈ ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሞላው። ቤቱ ጭር ስላለ ማታ ማታ አነባለሁ፣ ጠዋት ዶሮዎቹን እፈታለሁ፤ ኑሮዬ ይኸው ነው።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። የእኔን ደብዳቤ ለአርተር ጮክ ብለሽ እንደምታነቢለት አውቃለሁ፤ ይህን ግን መጀመሪያ አንቺ ብቻ እወቂው። በሚቀጥለው ሳምንት የከተማችን ጋዜጣ ነገሩን ያወጣዋል። የአክስታችን ልጅ ሜታ ደግሞ ጋዜጣ እየቀደደች እንደምትልክልሽ ነግረሽኛል። ከሜታ ፖስታ ውስጥ እንዳታገኚው ብዬ ቸኩዬ ጻፍኩልሽ።

ዘንድሮ ግዛታችን የተመሠረተችበት መቶ ሃምሳኛ ዓመት ስለሆነ፣ የከተማችን ሰዎች ከጀርመን ምድር ከሲሌዥያ በመርከብ የመጡትን አባቶቻችንን በዋናው መንገድ፣ በሥጋ ቤቱ የጎን ግድግዳ ላይ በሥዕል ለማኖር ተስማሙ። ሮዝሊን የምትባል ወጣት ሠዓሊ ከአደሌድ መጣች። የመሥራቾቹን ስም ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። መዝገቡ በዚያ በድሮው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነው፤ ዛሬ እሱን የሚያነብ ከእኔ በቀር አልቀረም። ማንም እንዳላስተማረኝ ታውቂያለሽ፤ ከአያታችን ደብዳቤዎች ጋር እያስተያየሁ ብቻዬን የለመድኩት ነው። ስሙ ተገኘ፤ ፊት ግን አልተገኘም። በዚያ ዘመን ፎቶ የተነሣ የለማ! ሮዝሊን ታዲያ ለማንም ሳትናገር በቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ከተሰቀሉት አሮጌ ፎቶዎች ደስ ያሏትን ፊቶች መርጣ ሳለች።

ሥዕሉ አልቆ የእንጨት መወጣጫው የተነሣ ቀን ግማሹ ከተማ ተሰበሰበ። እኔም ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ቆምኩ። በርሜል ሠሪው ቤኖ ነው መጀመሪያ ያየው። «እናንተ! ይሄ ትራውጎት አይደለም እንዴ? መርከቡ ከሄደ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው የተሳፈረው! ድሮም አላልኳችሁም? ሁልጊዜ እንደዘገየ ነው!» አለና ሰውን ሁሉ አሳቀ። ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ያንቺው እጮኛ የነበረው ትራውጎት ኖስኬ ነው። ከመዘምራኑ ፎቶ ላይ ወስዳው፣ በመዝሙር መጽሐፉ ፋንታ መጥረቢያ አስይዛዋለች። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከጋሪው አጠገብ ቆሞ ወደ መንገዱ ያያል። እኛ አርጅተናል፣ እሱ እንዳለ ነው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ቨርነር ሊንከ ግን አልሳቀም። «ይሄ ሰው በፖሊስ መዝገብ የሂትለር ወዳጅ ተብሎ የተጻፈ ነው። አባቶቻችንን ከእሱ ጎን ላቆም? በሁለት ጦርነት ጀርመኖች እየተባልን የተተፋብን አይበቃንም?» አለ። ቤኖ «መዝገብህን ለራስህ ያዘው! ትራውጎት ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ልጅ ነበር» ብሎ ጮኸበት። ቨርነር «ማስረጃ ያለው ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ያምጣ። ከሌለ ፊቱ ይጠፋል» ብሎ ሄደ። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሁልዳ፣ ማስረጃው እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛው ጦርነት በተጀመረ በዓመቱ፣ በአርባው ክረምት ነው። ጎረቤቶቻችን ላንገዎች አሳማ አርደው አንቺ ለቋሊማ ሥራ እነሱ ዘንድ ሄደሻል። ሁለት ፖሊሶች ቤታችንን ሊፈትሹ መጡ። አንዱ አባባን ይዞ ወደ በረት ሄደ፤ ሌላው ከሣጥንሽ ውስጥ የትራውጎትን ደብዳቤ አወጣ። ገለባበጠው፤ ጽሕፈቱን ሊያነበው አልቻለም። «ይህን እዚህ ማነው የሚያነበው?» ሲል እማማ እንግሊዝኛው አልገባትም። እኔ «አነበዋለሁ» አልኩ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባባ መጽሐፍ ይዤ ባየኝ ቁጥር «ወተቱ ገነፈለ!» እያለ ይጮህብኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እስከዚያ ቀን አንብቢልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

እያንዳንዱን መስመር ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። በቤታችን የእግዚአብሔርን ነገር በእንግሊዝኛ መጥራት ነውር ነበር፤ እንግሊዝኛ ለገበያና ለፖሊስ ነው። ትራውጎት «መሪያችን ይመጣል፤ ያን ቀን ከዚህ ሁሉ ጭንቅ ነፃ እንወጣለን» ብሎ ከጻፈበት ስደርስ፣ ሌላውን ሁሉ ተርጉሜ «መሪ» የሚለውን ግን ለአፌ ስለከበደኝ በጀርመንኛው ተውኩት። ፉህረር። በጸሎት መጽሐፋችን የክርስቶስ መጠሪያ ነው፤ ያ ሂትለር የሚሉት የበርሊን ሰውዬ የራሱ መጠሪያ ሳያደርገው አያቶቻችን ሲጠሩት የኖሩት። ፖሊሱ እርሳሱን ቀጥ አደረገና «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። ሲጽፈው አየሁ፤ ምን ብሎ እንደጻፈውም ገባኝ። «ኢየሱስን ማለቱ ነው» ብል በቃ ነበር። ግን ገና አሁን «ጎበዝ ልጅ ነሽ» ብሎኝ ነበር። አሁን ባርመው ማንበብ አትችልም ይለኛል ብዬ አፌን ያዝኩ። በኋላ ለራሴ ስለ አባባ ፈርቼ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ፈርቼም ነበር። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ የተመሰገንኩት ምስጋና እንዳይበላሽብኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ትራውጎትን ወሰዱት። በሁለተኛው ክረምት በእስረኞቹ ካምፕ ሳንባውን ታሞ መሞቱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንቺ ግን ደብዳቤውን ያነበበችላቸው የፖስታ ቤቷ ሚስ ቲልቢ ናት አልሽ፤ በድሮው ጽሕፈት የተጻፈ አድራሻ ስትለይ ሁሉም ያያት ነበርና። ሰው ተሰልፎ ሳለ ፊት ለፊቷ ቆመሽ «በምላስሽ ሰው አሳሰርሽ!» ስትያት፣ ካፖርትሽን ይዤ ከኋላሽ የቆምኩት እኔ ነኝ። እማማም ያየችውን ይዛ ሞተች። ሴትዮዋ «እኔ ምንም አላነበብኩም» እያለች ማለች። ማንም አላመናትም። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቴምብር ሸጠችልን፤ እንደምን አደርሽ ያላት የለም። ስትሞት ለቀብሯ አምስት ሰው ወጣ። እኔ ከአምስቱ አልነበርኩም።

ማክሰኞ ዕለት የጸሎት መጽሐፋችንን ይዤ ሄድኩ። በዚያ አዳራሽ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። ቆሜ እዚህ ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ቃሉንም ገልጬ አሳየሁ። ከዚያ ቨርነር «አክስቴ ኤርና፣ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?» አለኝ። ሳይቆጣ ነው የጠየቀኝ። የጸሎት መጽሐፉን ዘጋሁት። ከኋላ አንዲት ሴት «እናቴ ያቺን ምስኪን ለገና እንኳ ሰላም አትላትም ነበር» ብላ ተነሥታ ወጣች። እንጨቴን የሚፈልጥልኝ ቤኖ ባርኔጣውን አነሣና ሳያየኝ አልፎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ደብዳቤው ራሱ የለም፣ የአንዲት አሮጊት ቃል መዝገብ አይሽርም አሉ። ግን ደግሞ ፊቱን ጨርሰው ለማጥፋት አፈሩ። ጢም ይሳልለትና ባርኔጣ ይደፋለት፣ ማንም አይለየውም ብለው ተስማሙ። ሐሙስ ዕለት ሮዝሊን እንደገና መወጣጫ ላይ ወጥታ እስከ ደረቱ የሚደርስ ጢም ሳለችለት። እኔ ከታች ቆሜ ሳይ ዞር አለችና «ያዘዙኝ ጢምና ባርኔጣ ነው፤ ስለ ዓይኑ ማንም ምንም አላለኝም» አለችኝ። ዓይኑን አልነካችውም። ከሥሩ ግን በአንዱ መሥራች ስም ዮሐን ጎትፍሪድ ሺርመር ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ሁሉ ለሰዎቹ ከመናገሬ በፊት ለአንቺ መናገር ነበረብኝ። ስብሰባው ቀደመኝ ብዬ ማሳበብ እችል ነበር፤ ግን አርባ ስድስት ዓመት ነበረኝ። በየዓመቱ ለገና በዓል ጽፈሽልኝ «አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ» ስትይ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጥ ነበር። ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይቅርታ መጠየቅ ሌላ ሸክም ጭኖብሽ መሄድ ይመስለኛል። መልስም አልጠብቅም። ሚስ ቲልቢ ምንም አላደረገችም፤ ቢያንስ ይህን እወቂልኝ።

አርተርን እግዚአብሔር ይማርህ በይልኝ። ጆአንን፣ ባለቤቷንና ትንሿን ፊዮናን ሳሚልኝ። ስሜን በቤትሽ መጥራት ከከበደሽ ግን፣ ሰላምታዬ ለማንም ሳይደርስ እዚሁ ወረቀት ላይ ይቅር።

እህትሽ ኤርና

ፍሪደንታል፣ ደቡብ አውስትራሊያ
ነሐሴ ፳፫ ቀን ፲፱፻፹፮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር