ፊትህ የሚታይበት ፎቶ

ወረታ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምነው፣ ካለህበት ይድረስህ፤

እንደምን አለህ ብዬ መልስ ማጣቱን ለምጄዋለሁ፤ ስለዚህ የእኛን ላስቀድምልህ። ሩዙ ታጭዶ ተወቅቷል። እኔን ወገቤን ያመኛል። እኅትህ ንጋት አሥረኛ ክፍል ገባች፤ ምላሷ እንዳንተው ነው። አባትህ ከቁሐር ሚካኤል ማሳው ሲመለስ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ መደቡ ላይ ይቀመጥና በሩን ያያል። ደክሞታል ልጄ። እኔም ደክሞኛል፤ ሁለታችንም ባንዴ ከደከመን ግን ቤቱን ማን ይያዘው።

ካቻምና በሰሙነ ሕማማት ደውለህ "እማዬ፣ ከዶሮው የኔን ድርሻ አስቀምጪልኝ" ብለህ እየሳቅህ ዘጋህ። በሳምንቱ እናንተ ያላችሁበት የሱዳን አገር ተረበሸ ተባለ። ድርሻህን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አቆይቼ ለንጋት ሰጠኋት። ይኸው ዓመት ከስምንት ወር ሆነ፤ ድምፅህን አልሰማንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው እሑድ የአባትህ ታላቅ ወንድም አያ ዘመነ ከቅዳሴ መልስ መጡ። "ማሩ፣ ሰው በሕይወት ካለ ይህን ያህል ዝም አይልም። ከገና በኋላ የልጁን እርም እናውጣ" አሉት አባትህን። "አይሆንም" ይላል ብዬ ጠበቅሁት፤ መሬት መሬቱን አየ እንጂ አላለም። አያ ዘመነ ወደኔ ዞረው "ፎቶውን ፈልጊ፤ ለልቅሶው አሳድገን እናሠራዋለን" አሉኝ። "ፎቶ የለውም" አልኋቸው። ነገሩን ለማሳጠር ብዬ ነው እንጂ እውነት እንደሌለህስ አላወቅሁም ነበር።

በማግስቱ ይሄይስ መጣ፤ ያ ሩዝ ጭኖ መተማ የሚመላለሰው ሾፌር። እናንተ ከነበራችሁበት ከገዳሪፍ የወጡ ልጆች መተማ ውስጥ አሉ አለኝ፤ ካንተ ጋር የነበረ አይጠፋም። "ግን እትዬ ገላነሽ፣ ዓለምነው የሚባለው ስንቱ ነው? በስም ብቻ ማንን ልጠይቅ? ፎቶ ይስጡኝ" አለ። እኔም በዚያው ፍለጋ ጀመርሁ።

መታወቂያህን ይዘኸው ሄደሃል። የትምህርት ቤት ካርድህ ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ ጎርፉ ቤት በገባ ጊዜ ውኃ በላት። የቀረው ንጋት ስልክ ላይ ያለው ነው። ቆጠርነው፤ ሠላሳ አንድ ፎቶ አለህ። ሠላሳ አንዱም ጀርባ ነው! በዚያ ሐሩር ሹራብህን እስከ ግንባርህ ተከናንበህ፣ የአባትህን ዱላ እንደ ሰይፍ ትከሻህ ላይ አጋድመህ፣ ውኃ የተኛበትን ሜዳ ታያለህ። ያቺ እሳት ያለባት ደግሞ የከብቱን ገለባ አቃጥላችሁ ያነሣችኋት ናት፤ አባትህ ሳምንት ሙሉ ያላናገረህ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቴ። አንተ ልጅ፣ በሬ የሚሸጥ ሰው እንኳ ጥርሱን ከፍቶ ያሳያል፤ ዳሌውን ብቻ አሳይቶ ማን ይሸጣል?

መናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የወንዴ ጌም ቤት ሄድሁ። ድሮ አንተን ለመጎተት በሩ ላይ ቆሜ እጮህ ነበር እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም። ግድግዳው ሁሉ የጌምና የፊልም ሥዕል ነው። አንድ ባንድ አየሁት። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቃጠል ከተማ ያያል። ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ባሕር ያያል። ጠመንጃ የያዘውም፣ ሰይፍ የያዘውም፣ ሕፃን እጁን የያዘውም ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ፊት አለው ያልሁት ቢኖር ግማሹ ጨለማ ነው፤ ባንድ ዓይኑ ያያል። ሴቶቹ ትከሻቸውን ሰብቀው ገልመጥ ይላሉ። ሰማዩ ሁሉ ባንድ ወገን ሰማያዊ፣ ባንድ ወገን እሳት። ከየት ተማርኸው ስል የኖርሁትን እዚያ አገኘሁት።

"ወንዴ፣ እነዚህ ሰዎች ፊት የላቸውም እንዴ?" አልሁት።

"እትዬ፣ ሆን ተብሎ እኮ ነው። ፊቱ ካልታየ፣ ያየው ልጅ ሁሉ 'እኔ ነኝ' ይላል።"

"እናቱስ ማን ትበል?"

ወንዴ የድሮ ስልኩን ከመሳቢያ አወጣና "የተበላሸች አንዲት አለች፤ አጥፋት ብሎኝ ረስቻት ነው" አለኝ።

ዓለምዬ፣ ያን ቀን ታስታውሰዋለህ? ወንዴ ግድግዳው ሥር ጀርባህን ሲያነሣህ፣ እኔ በሩ ላይ ሆኜ "አንተ ዓለምነው! ሩዙን ዝናብ ሊበላው ነው!" ብዬ ጮኽሁ። ዞርህ። አፍህ ተከፍቷል፣ ዓይንህ ፈጧል፤ ቅንድብህ ላይ ጊደሯ የወጋችህ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዳር የኔ ነጠላ ጫፍ አለች። እዚያው ጌም ቤት በልጆች ፊት አለቀስሁ፤ አላፈርሁም።

ሁለት አሳተምሁ። አንዷ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለይሄይስ ተሰጥታለች። ሁለተኛዋን ሣጥኔ ሥር ደበቅኋት። ለልቅሶ አልሰጣትም። አባትህ ጭምር እንዳያገኛት ፈርቼ ነበር፤ አንዴ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው ብዬ። ትናንት አያ ዘመነ ተመልሰው መጡና "ፎቶው?" አሉ። አፌን ሳልከፍት አባትህ ቀደመኝ። "የለም ወንድም ዓለም፤ ሁሉም ጀርባ ነው። በጀርባ ደግሞ እርም አይወጣም" አላቸው። ተቆጥተው ሄዱ። በኋላ ሣጥኔን ብከፍት ፎቶዋ ላይ የጭቃ ጣት አሻራ አለ። አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝ።

የቁሐሩ ሚካኤል በክንፉ ይከልልህ። የሚያበላህ ሰው እጁ አይንጠፍ፤ ያስጠጋህ ሰው ልጁን አይጣ። ይህ ወረቀት እጅህ ከገባ፣ ድምፅህ ይበቃኛል፤ ምንም ይዘህ አትምጣ።

ያን ቀን አንድ ጊዜ ብጠራህ ዞርህ። አሁን ስንት ጊዜ ጠራሁህ። ዞር በል ልጄ፤ ፎቶውን አበላሸህ ብሎ የሚቆጣህ የለም።

እናትህ ገላነሽ