የአባትሽ የክትባት ካርድ

ማክሰኞ፣ የካቲት ፱ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

የኔ ዓለም፣

ደህንነትሽን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ ብገባ አትቀየሚኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ የምሠራበት ካርድ ክፍል ውስጥ ጆሮ ብዙ ነው። ነገ ወደ እናንተ አገር የምትበር ነርስ አለች፤ ይህን በእጇ እልክልሻለሁ።

አባትሽ ኮሮና ይዞት ሆስፒታላችን ከተኛ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። እሑድ ደውለሽ «አይዞሽ እማዬ፣ እሱ እኮ ተከትቧል» ስትዪኝ ስልኩ የተዘጋው መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

የኮሮና ክፍሉ ዶክተር ከወር በፊት አንድ ሥራ ሰጥታኛለች። በኮሮና የተኙትን ሰዎች ካርድ ለሁለት እለያለሁ፤ የተከተቡት በቀኝ፣ ያልተከተቡት በግራ። ስንት ቀን ኦክስጅን ላይ እንደቆዩ፣ ድነው ይውጡ አይውጡ፣ ሁሉንም እመዘግባለሁ። ከሁለቱም ወገን የሚሞት አለ፣ አልዋሽሽም። የግራው ክምር ግን ያስፈራል፤ እዚያ ያሉት ብዙዎቹ በዕድሜ ካንቺ ብዙም አይበልጡም። ስለይ ውዬ ቤት ስገባ፣ በሽታው ከወረቀቱ የሚይዘኝ ይመስል ሦስቴ እታጠባለሁ።

የአባትሽን ካርድ በቀኝ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ «ብረቱ» የሚለው ሰውዬ፣ ያን የሚያህል አውቶቡስ በጠባብ መንገድ የሚያዞር፣ መርፌዋን ሲያይ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ እብስ አለ። መሥሪያ ቤቱ የክትባት ካርድ ሲጠይቀው እኔን መለማመጥ ያዘ። «አንቺ ሴትዮ፣ ማህተሙ እጅሽ ላይ እያለ እኔ ለምን እሰቃያለሁ?» አለኝ። ጻፍኩለት፤ ሁለት ዶዝ፣ ከነቀኑ፣ ከነማህተሙ።

ትናንት በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት አልጋ ተለቀቀች። ዶክተሯ የአባትሽን ካርድ ገልጣ «እሳቸው ተከትበዋል፣ እስከ ነገ እንያቸው» አለች። ኮሪደር ላይ ተከትያት ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋውን ለእሱ ሰጠችውና ተመልሳ መጥታ «ሌላስ የጻፉለት ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

መጀመሪያ ለማን እንደጻፍኩ አንቺ ታውቂያለሽ። በረራሽ ሲደርስ የክትባቱ ሰልፍ ረዘመ፣ ክንዴ ያብጥና ሻንጣዬን በምን እይዛለሁ ብለሽ አለቀስሽብኝ፤ የአባትሽ ልጅ አይደለሽ! እኔም እዚያ ስትደርስ ትወጋለች ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ዓመት ሊሞላሽ ነው። አንቺም አላነሳሽው፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩሽ። አባትሽም «ለልጅሽ ያደረግሽውን ለባልሽ ትነፍጊያለሽ?» ብሎ ነው አፌን ያዘጋኝ።

ሐሙስ አስተዳዳሪው ጠርቶኛል። ከሥራ ቢያስወጡኝ እውነታቸውን ነው፤ እሱ አያስጨንቅሽ። ዛሬ ጠዋት አባትሽን በመስታወት አየሁት። እጁን ሊያነሳልኝ ሞከረና አቃተው። ዶክተሯ ይተርፋል ብላ ቃል አልሰጠችኝም።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ የያዝሽውን ሥራ ትተሽ ሂጂና ተወጊ። ካርዱን ፎቶ አንስተሽ እንዳትልኪልኝ፤ ካርድ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። በቪዲዮ ደውለሽ ክንድሽን አሳዪኝ።

ፈጣሪ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ፤ የእሱንም።

እናትሽ