ተገፍታ የማትነሳ መኪና

ናሆም፣
ከመርሳ የመጣው ሙሽራ መኪና አውቶማቲክ ናት። አውቶማቲክ ተገፍታ አትነሳም! አንተ ግን ትናንት አራት ጎረምሳ ሰብስበህ እስከ መናኸሪያ አስገፋሃት። ወልድያ ሙሉ ሳቀብን።
ከዚያ ደግሞ «ካምቢዮው ይውረድ» አልክ። ጎበዝ!

ማርሹን ማቆሚያው ፒ ላይ ስታደርገው እምቢ ትላለች፤ ነፃው ኤን ላይ ግን ትነሳለች። ዛሬ ጠዋት ሞክሬዋለሁ። ጥፋቱ የማርሹን ቦታ የሚያነበው ሴንሰር ነው። ሶኬቱን ነቅለህ አድርቀው፤ ከዚያ በየማርሹ በቴስተር ለካው። ቴስተሩ አልጋዬ ስር ነው።

እኔ ሐራ ሄጃለሁ፤ ለምሳ አትጠብቀኝ።

ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ታገኛለህ። ለሠርጉ ታብረቅርቅ ብዬ ሞተሯን በውሃ ጎማ ያጠብኩት እኔ ነኝ።
ትናንት ሙሽራው ሲሰድብህ፣ አጠገብህ ቆሜ መፍቻ እጠርግ ነበር።

ልዑል