የብስክሌተኞች ልብስ ሰፊዋ የእማማ አንጸባራቂ የሕይወት ታሪክ

እናታችን የዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት፣ በሰኔ ወር መጀመሪያ፣ ከአናጺ አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ። ያደጉባት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ የነበራት ስትሆን አንዱ ክፍል የአባታቸው መሥሪያ ነበር። ከፀጉራቸው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይለቀምላቸው ትምህርት ቤት የሄዱበት ቀን እንዳልነበረ እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተከታተሉ። ዘጠነኛ ሊገቡ ሲሉ እናታቸው በወገብ ሕመም ከሥራ ቀሩ። እሳቸውም ታናናሾቻቸውን ለመርዳት ደብተራቸውን አስቀምጠው ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤት ዘንድ ሙያ ሊማሩ ገቡ። በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው የደንብ ልብስ በሚሰፋ ድርጅት ተቀጠሩ። እዚያም ለሰባት ዓመት የሚሰፉት ኪስ ብቻ ነበር። «ሰው መሆኑን ረስቼ የማየው ሁሉ ኪስ ይመስለኝ ነበር» ይሉን ነበር ያንን ዘመን ሲያነሱ።

በሃያ አራት ዓመታቸው አባታችንን አገቡ። አባታችን በያጅ ነበሩ። የድርጅቱን የብረት በር ሊበይዱ መጥተው የእሳቱ ብልጭታ የሱሪያቸውን ጉልበት አቃጠለው፤ እናታችን በምሳ ሰዓታቸው ጣፉላቸው። አባታችን በማግስቱ ሌላውን ጉልበት ራሳቸው አቃጥለው እንደመጡ እስከ ዕለተ ሞታቸው አላመኑም፤ እናታችን ግን የቃጠሎውን ቅርጽ አይተው ወዲያው ነቅተውባቸዋል። ከዚህ ጋብቻ ሁለት ልጆች ተወለድን፤ እኔ ይህን ጽሑፍ የማነበው ልጃቸውና ከእኔ አራት ዓመት የሚያንሰው ወንድሜ። ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ጥይት በሚለው ስሙ ነው።

ጥይት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አባታችን ከሁለት ስብርባሪ ብስክሌት አንድ በይደው ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ጎማ ተደርድሮ፣ መታጠቢያው ውስጥ ሰንሰለት በጋዝ ተዘፍዝፎ፣ የጎማ ከመነዳሪ የልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ እንኖር ነበር። እናታችን ሲነጫነጩ ይውሉና ማታ ደግሞ ለዚያው ልጅ ይሰፉለታል። የመጀመሪያውን የብስክሌት ቁምጣ የሰፉለት ከወንበር ላይ በተገነጠለ ስፖንጅ ነው። ጥይት ለብሶት ሲራመድ ሽንት ጨርቅ የታጠቀ ሕፃን ስለመሰለ አባታችን ሁለት ቀን ሙሉ ሳቁ። በሦስተኛው ሙከራ ግን ስፌቱ ቆዳ የማይፍቅ፣ ስፖንጁም ላብ የማይዝ ቁምጣ አወጡ። ሳይውል ሳያድር የብስክሌተኞች ማኅበር አባላት በሙሉ በራችን ላይ ተሰለፉ። እናታችንም እያንዳንዱን እየለኩ፣ «ከሥሩ ሙታንታ እንዳትለብስ፤ ቁስሉን የሚያመጣው እሱ ነው» እያሉ ጎልማሳውን ሁሉ ያሳፍሩት ነበር።

ጥይት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ለማኅበሩ የረጅም ርቀት ጉዞ ቢጫ ማሊያ እንዲሰፉለት ለመናቸው። እናታችን፣ «ቢጫ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያምረው። የማጥበው እኔ ነኝ» ብለው ከድርጅቱ በተረፈ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ሰፉለት። በጣም የሚያምር ማሊያ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ጠልቃ ለዓይን ያዝ ማድረግ በጀመረበት ሰዓት፣ ከከተማ መውጫው ጠባብ ድልድይ ላይ የጭነት መኪና ከኋላው ገጨው።

ወንድሜ አልሞተም። ዓይኑን ገልጦ የአልጋ ቁራኛ ሆነ። አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፣ የሚመገበው በቱቦ ነው። ሐኪሞቹ ከሰባት ወር በኋላ አይሰማም፣ ሰው አይለይም ብለው ወደ ቤት ላኩልን። እናታችን ሐኪሙን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «እርስዎ ሲናገሩ ግን ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ» ብለው ተነሡ። ሥራቸውን ለቀቁ። የስፌት መኪናቸውን ከአልጋው አጠገብ አስገቡ። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት ጀመር። እኔ አግብቼ እስክወጣ፣ ከወጣሁም በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በተከታታይ ሲተኙ አይቻቸው አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሰው ቆሟል። ፍርዱን ጨርሶ የወጣው ሾፌር ነበር። አባታችን በጓሮ በር ወጡ። እናታችን ግን ከአልጋው አጠገብ ወንበር ሰጡት። ሰውየው ወንድሜን አይቶ ማልቀስ ሲጀምር፣

«ልቅሶውን ተወው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ አይተኸው ነበር?» አሉት።

«አላየሁትም እማማ። የድልድዩ ጥላ ነው የመሰለኝ። አስፋልቱ ጥቁር፣ ልብሱ ጥቁር። አንዳች የሚያበራ ነገር ቢኖረው ፍሬን እይዝ ነበር፤ በልጆቼ እምላለሁ።»

እናታችንም፣ «ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊ ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት» አሉት።

ሰውየውን እስከ በር ሸኙት። ከዚያ ቀን በኋላ ለዐሥራ አንድ ቀን ከጥይት በስተቀር ለማንም አልተናገሩም። አባታችንም እኔም ያልነው ሁሉ ከጆሯቸው አልደረሰም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ገበያ ሄደው የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ዓይነት የሚያንጸባርቅ ጨርቅ በጥቅል ተሸክመው መጡ።

እማማ አንጸባራቂ የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ ወዲህ ነው። በቤታችን በር የሚያልፍ ብስክሌተኛ ሁሉ ተይዞ ይገባና ሳይሰፋለት አይወጣም። በመጀመሪያ ጀርባ ላይ ብቻ ይሰፉ ነበር። ብስክሌተኛ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ግን ራሴ መንዳት አለብኝ ብለው በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ብስክሌት ተማሩ። ያስተማሯቸው የማኅበሩ ሊቀመንበር የሆኑት ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። ስንት ጊዜ እንደወደቁ የሚያውቁት ጠጋኙና የጎረቤታችን አጥር ብቻ ናቸው። ከተማሩ በኋላ አባታችንን በመሸ ጊዜ መንገድ ዳር አቁመው ከፊታቸው ይመላለሱ ነበር። አባታችን፣ «ከሁሉ በፊት የታየኝ እግርሽ ነው፤ ከፍ ዝቅ ስለሚል» አሏቸው። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ቁርጭምጭሚት ላይ የምትታሰር ጠባብ አንጸባራቂ ሰፍተው ለሁሉም ያድሉ ጀመር።

ምክራቸውን የማያውቅ እዚህ መካከል ያለ አይመስለኝም። ከቤት ሳትወጣ ጎማውን በአውራ ጣትህ ተጫነው፣ ፍሬኑን ጨብጠህ ብስክሌቱን ወደፊት ግፋው፤ ከሄደ አንተ አትሂድ። ተረከዝህ ፔዳሉ ላይ ሆኖ እግርህ ካልተዘረጋ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ጉልበትህን ትጨርሳለህ። መንገድ ጠርዝ አትለጠፍ፤ ጠርዝ ላይ የተለጠፈን ሰው ሾፌር እንደሌለ ይቆጥረዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዝ ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ላይ አይደለም። ውኃ ከመጠማትህ በፊት ጠጣ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ፊታቸው ወደ ብስክሌተኛው፣ እጃቸው ግን ጥይት እግር ላይ ነበር። ሲመሽ ደግሞ አባታችንን ከጥይት ጋር አስቀምጠው ድልድዩ አፍ ላይ ይቆሙ ነበር። መብራት የሌለው ብስክሌተኛ ሲያዩ መንገዱ መሃል ገብተው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ሁለት ጊዜ መኪና ሊበላቸው ለጥቂት ተርፈዋል። እኔ በዚህ ተጣልቻቸዋለሁ። «አንዱን ልጅሽን ለማዳን አልቻልሽም፤ እኛንም ያለ እናት ልታስቀሪን ነው ወይ?» ብያቸዋለሁ። ዛሬ በእናንተ ፊት የምናገረው ያንን ቃል ይቅር ስላሉኝ ሳይሆን፣ ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ ስላልጠየቅኋቸው ነው።

አባታችን ከስድስት ዓመት በፊት በሳንባ ሕመም ዐረፉ። እናታችን ከወንድሜ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። በዚያው ዓመት ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ የትምህርት ቤት ጥበቃ፣ በጠራራ ፀሐይ በዚያው ድልድይ ላይ ተገጭቶ ሞተ። ጀርባው ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእናታችን አንጸባራቂ ነበር። ብስክሌት ጠጋኙ መርዶውን ይዘው መጥተው፣ «እትዬ፣ ሾፌሩ አይቶታል። እያየው ነው የገባበት። የጨርቅ ነገር አይደለም፤ የእርስዎም ልጅ ነገር የጨርቅ ላይሆን ይችላል» አሏቸው። ሊያጽናኑ ብለው ነው።

እናታችን መቀሱን አስቀመጡና፣ «እንግዲያው እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሳደርግ ኖርኩ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ መስፋቱን አላቆሙም፤ ሰዉ ስለሚመጣ ይሰፉ ነበር። ምክራቸውን ግን አቆሙ። ልብሱን አጥፈው ሲሰጡ «ስትደርስ ደውል» ብቻ ይላሉ። ያልደወለ ሰው ካለ እስኪደውል ድረስ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። አንዳንዶቻችሁ ዘንግታችሁ እንደነበር አውቃለሁ። አልወቅሳችሁም፤ እኔም ቤቴ ስደርስ ብዙ ጊዜ ዘንግቻለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከጡታቸው ሥር እብጠት አገኙ። ለማንም አልተናገሩም። ጠባብ ልብስ ሲተዉ፣ በግራ እጃቸው ወንድሜን ማንሳት ሲያቅታቸው፣ እርጅና ነው አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ባለፈው ዓመት ሳጥባቸው አየሁት። እያለቀስኩ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ቀዶ ጥገናው ከነማገገሚያው ስድስት ሳምንት መተኛት እንደሚጠይቅ ስትነግራቸው፣ «ስድስት ሳምንት ማን ያገላብጠዋል?» አሉ። እኔ አለሁ አልኳቸው። ብስክሌት ጠጋኙና የማኅበሩ አባላት በፈረቃ እንገባለን አሏቸው፤ ስማቸውን ጽፈው አምጥተው አሳዩዋቸው። እናታችን ወረቀቱን አይተው አመሰገኑ። «ደግ ልጆች ናችሁ። ግን አንዳችሁም አታናግሩትም። ዝም ብላችሁ እንደ ጆንያ ነው የምታገላብጡት» አሉ። እውነት ነበር። እምቢ አሉ። ለምነን፣ ተቆጥተን፣ ተማጽነን አልሆነም። በመጨረሻ እሺ ሲሉ ሐኪሟ ጊዜው አልፏል አለችን።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ወር ከወንድሜ አልጋ ጎን በተዘረጋ ሌላ አልጋ ላይ አሳለፉ። መነሳት ሲያቅታቸው ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር ስሜን ይጠሩ ነበር። እየተኙ፣ «ግራ እግሩን ቀድመሽ፣ ትራሱን ከጉልበቱ መሃል፣ ጆሮው እንዳይታጠፍ» እያሉ አሳዩኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይጠሩኝ ሲቀሩ አንድ ነገር እንደደረሰባቸው ገባኝ። ስሄድ እጃቸው በሁለቱ አልጋዎች መካከል ተንጠልጥሏል። ወደ እሱ የተዘረጋ ነበር፤ አልደረሰም።

እናታችንን የምንቀብራቸው እኔ ልጃቸው፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው፣ አንድ ወንድምና አንዲት እህታቸው፣ እንዲሁም ልብስ የሰፉላችሁ እናንተ ሁላችሁም ነን። ወንድሜ ቤት ነው። ሐኪሞቹ አይሰማም ይላሉ። እኔም ለዐሥራ አራት ዓመት አይሰማም ስል ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ስላቸው እናቴ ትንሽ የሚያርፉ ይመስለኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሳገላብጠው ሳላስበው አፌ ተከፈተና፣ «እማዬ ሞተች» አልኩት። ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ቢሰማ ኖሮ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ማንን ልጠይቅ?

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያኑርልን። ያጡትን እንቅልፍ ሁሉ፣ የሚቀሰቅሳቸው ሳይኖር፣ አንድ ላይ ያስተኛቸው። እኛንም ይርዳን፤ በተለይ እኔን።

ከመቃብሩ ዳር ቆማችሁ ለምታጽናኑኝ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እሱን ማገላበጥ ስላለብኝ አፈሩ ሳያልቅ ቀድሜ ብሄድ ቅር አይበላችሁ።