በሁለት ወረቀት የተሸጠችው ቫን

ውድ ጋሼ፣

ቫኗን ለሴት ልጅዎ ሥራ የገዙ ዕለት ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ከሥሯ አልወጡም። ሠራተኞቼ «ሽማግሌው እዚያው ሊያድሩ ነው እንዴ?» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እኔን አላሳቀኝም፤ የመካኒክነት ሙያ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። በመጨረሻ ዘይት የነካ ጣትዎን አፍንጫዬ ሥር አምጥተው «ይሄ ምንድን ነው? ሽቶ ነው?» አሉኝ። ዋጋ ቀነስኩ።

ከዚያ ቢሮ ገባንና የብድሩን ውል አቀረብኩልዎ። መነጽርዎን እንኳ አላወጡም።

«አንተ አይተኸዋል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኔም አይቼዋለሁ» ብለው ፈረሙ።

የዕለት ማስታወሻዬ ላይ ያን ቀን የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ «ጋሼ ቫን ወሰዱ። ጥሩ ቀን።»

ያላዩትን ልንገርዎ። ብድሩን የሚሰጠው ባንኩ ነው፤ እኛ መኪና ሻጮች አገናኝ ነን። ባንኩ ለእርስዎ የፈቀደው ወለድ አሥራ አንድ በመቶ ነበር። ያ የተጻፈበት የባንኩ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ። እርስዎ በፈረሙበት ላይ አሥራ አራት ብዬ ሞላሁ፤ የሦስት በመቶው ልዩነት ለእኔ ይመጣል። ሻጭ ሁሉ የሚያደርገው ነው። በመካከላችን ማንም አይደብቀውም፤ ለገዢ ግን ማንም አይናገረውም።

ባለፈው ወር መንግሥት አዲስ መመሪያ አወጣ። ከእንግዲህ ባንኩ የፈቀደውና እኛ የጨመርነው በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን ይጻፋል፤ ገዢው ከመፈረሙ በፊትም ጮክ ተብሎ ይነበብለታል። መመሪያው ከወሰነው ቀን ወዲህ ለተፈረሙ የቆዩ ውሎችም ገዢው እንዲያውቅ ይደረጋል። ከመንግሥት የተላከች ተቆጣጣሪ መጥታ መሳቢያዬን አስከፈተችኝ። የእርስዎ ፋይል ላይ ስትደርስ ቀኑን አየችና ወደ ጎን አደረገችው።

«ይሄኛው በዘጠኝ ቀን ቀድሟል። መመሪያው አይመለከተውም።»

«ተመስገን» አልኩ። እውነቴን ነበር፣ ጋሼ።

በማግስቱ መለዋወጫ ልገዛ ስሄድ እዚያ ጥግ ካለው ጋራዥ ውስጥ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ሁለት እግር ወጥቶ አየሁ። አረማመድዎን ብቻ ሳይሆን አተኛኘትዎንም አውቃለሁ። ሥራ ካቆሙ አራት ዓመትዎ ነው።

«ጋሼ! ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«ወገቤን እያሳረፍኩ» አሉኝ ከሥር።

ከወጡ በኋላ ነው የነገሩኝ። የቫኗ ክፍያ ስለከበደ ልጅዎን እያገዙ ነው። «ተማሪ ማመላለሱ ሥራ አለው። ብቻ ልጅቷ የገንዘብ አያያዝ አታውቅም፤ የምታገኘው የት እንደሚገባ እንጃ። ወለዱ በዛ ትለኛለች። አንተ የሠራኸውን ውል! ይኸው ከተነጋገርን ሁለት ሳምንታችን።» ይህን ብለው ሻይ ጋበዙኝ። ቆሜ ልጅዎ ስትወቀስ ሰማሁ፤ ሻዩንም ጠጣሁ።

ነጋዴ ነኝ፤ ትርፍ አያሳፍረኝም። በመኪናዋ ያተረፍኩት ፊት ለፊት ተከራክረን ነው። በወረቀቱ ያተረፍኩት ግን ስላመኑኝ ነው። ሁለቱን ለመለየት መመሪያ መጠበቅ አልነበረብኝም፤ መመሪያው መጥቶም እርስዎን ዘለለ።

ስለዚህ ባንኩ ጋ ሄጄ ድርሻዬን ተውኩ። አዲሱ ውል በአሥራ አንድ በመቶ ተሠርቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ሲፈርሙ ይጸናል። እስካሁን የወሰድኩትም ከቀሪው ዕዳ ላይ ተቀንሷል። ይቅርታ በወረቀት አልጠይቅም፤ መጥተው ሠራተኞቼ ፊት ሙልጭ አድርገው ይስደቡኝ፣ ይገባኛል።

ግን መጀመሪያ ወደ እኔ አይምጡ። ልጅዎ ቤት ይሂዱ። በሩን ስትከፍት «ልክ ነበርሽ» ይበሏት። ምክንያቱን ስትጠይቅዎ ይህን ደብዳቤ ይስጧት።

እጅዎ ላይ ያደገው
መኪና ሻጩ